ለከተማችን ጎዳና አንድ ገጽ መመሪያና አንድ ግድግዳ

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ-ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአደባባይ ፎቶግራፍ ስለማንሳት የጽሑፍ መመሪያ እንዲወጣና ለጎዳና ፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ የሚሆን ግድግዳ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ቅዳሜና እሁድ ሰርግ፣ በሰኔና በሐምሌ ምርቃት እያነሳሁ የምተዳደር፣ በቀረኝ ጊዜ ግን ካሜራዬን አንጠልጥዬ ከመርካቶ እስከ ሳሪስ በእግሬ የምዞር የዚህች ከተማ ነዋሪ ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በተለያዩ አገሮች ያሉ የጎዳና ፎቶግራፍ አንሺዎች በሚገናኙበት አንድ ዓለም አቀፍ ስብስብ ውስጥ ሥራዎቼን ሳሳይና ከሌሎች ትችት ስማር ቆይቻለሁ። ከእነዚህ ባልደረቦቼ ጥቂቶቹ ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ መጥተው፣ ከእኛ ከከተማዋ ፎቶ አንሺዎች ጋር አንድ ሳምንት በእግር እየዞሩ ሊያነሱ፣ ማታ ማታ የተነሳውን በጋራ ሊያዩና ሊተቹ፣ በመጨረሻም ከሁላችንም ሥራ የተመረጠውን ለሕዝብ ሊያሳዩ ይፈልጋሉ። የአውሮፕላን ትኬታቸውንም ሆነ ማረፊያቸውን ራሳቸው ይችላሉ፤ የኅትመቱን ወጪም እኛው አዋጥተን እንሸፍናለን። ከቢሮው የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። የምንጠይቀው ለጥበቃ ሠራተኛ ሲዘረጋለት እዚያው ቆሞ አንብቦ የሚጨርሰው አንድ ገጽ መመሪያና እግረኛ የሚያልፍበት አንድ ረጅም ግድግዳ ወይም አጥር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ልናገር፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ «የጎዳና ፎቶግራፍ ነው የምሠራው» ስላቸው ፊታቸው በሐዘኔታ ተለወጠና፣ «በጎ ሥራ ነው፤ የጎዳና ልጆችን ጉዳይ የሚይዘው ክፍል ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው» ብለው መሩኝ። አልፈረድኩባቸውም። በእኛ ቋንቋ ጎዳና ሰው ቤት ሲያጣ የሚወጣበት ነው፤ «ጎዳና ወጣ» የተባለ ሰው ሊንሸራሸር የወጣ አይደለም። «የመንገድ ፎቶግራፍ» ብንለው ደግሞ የአስፋልት ሥራ ሪፖርት ይመስላል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ይዤ ትርጉሙን ላስረዳ። የጎዳና ፎቶግራፍ ማለት ማንንም ሳያቆሙ፣ «ፈገግ በል» ሳይሉ፣ ምንም ሳያዘጋጁ፣ በአደባባይ ያለውን የሰው ኑሮ ሲሆን እንዳዩት ማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ከፓሪሱ የሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ አንድ ሰው ውኃ የተኛበትን ቦታ ሊዘል ሲወረወር፣ ተረከዙ ውኃውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው አነሳው። ሰውየው ማን እንደነበር አይታወቅም፤ ዝላዩ ግን እስከ ዛሬ አልወረደም። እኛ አገር በሐምሌ መርካቶ የሄደ ሰው ይህንኑ ዝላይ በቀን መቶ ጊዜ ያያል፤ አንዱም ግን ሲነሳ አላየሁም።

እንዲህ የሚያነሱ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን የሚዞሩ ነበሩ። ቺካጎ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሞግዚትነት የሠራችው ቪቪያን ማየር ከ100,000 በላይ ፎቶ አንስታ ለሰው ሳታሳይ ኖራለች፤ ሥራዋ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይ ሳይከፈል ቀርቶ ሳጥኖቿ በጨረታ ሲሸጡ ነው፤ እርሷም ከሁለት ዓመት በኋላ ዝናዋን ሳትሰማ አረፈች። የኒው ዮርኩ ጋሪ ዊኖግራንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት ያላጠባቸው 2,500 ያህል ጥቅል ፊልሞች ትቶ ነበር። ብቻውን የሚያነሳ ሰው የቱ ፎቶ ከየቱ እንደሚሻል የሚነግረው የለም፤ ያነሳውም እርሱ ሲያልፍ አብሮት ወደ ሳጥን ይገባል። ስብስቦቹ የተፈጠሩት ለዚህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 ፎቶ አንሺው ኒክ ተርፒን ለንደን ላይ ኢን ፐብሊክ የተባለውን ስብስብ መሠረተ። ማያሚ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የጎዳና ፎቶግራፍ ፌስቲቫል አስተናግዳለች፤ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ብራስልስና ሮምም የየራሳቸውን አዘጋጅተዋል። ጉልናራ ሳሞይሎቫ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረችው የሴት የጎዳና ፎቶ አንሺዎች ስብስብ ደግሞ ከብዙ አገር የመጡ ሴቶችን ሥራ ከከተማ ከተማ እያዞረ በዐውደ ርዕይ አሳይቷል። ሴት ልጅ አደባባይ ላይ ካሜራ ይዛ ስትቆም ምን እንደሚገጥማት የሙያ እኅቶቼ በደንብ ያውቁታልና፣ የእነርሱ ስብስብ ለብቻው መቆሙ አይገርመኝም።

አንድ ሰው «መገናኘታቸው ምን ይጠቅማል?» ቢለኝ የምነግረው የራሴን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጃን ሜዳ ላይ የጥምቀት ዕለት ያነሳሁትን፣ እኔ ከሥራዎቼ ሁሉ የምኮራበትን ፎቶ ለስብስቡ አቀረብኩ። ነጠላ፣ ጃንጥላ፣ ጽናጽል፣ ጢስ፣ ሁሉም አለበት። አንድ አንጋፋ አባል በጨዋነት፣ «ከዚህ ሁሉ ሰው የትኛውን እንድመለከትልህ ነው የፈለግከው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን ቀን ያነሳኋቸውን ሁሉ እንደገና ሳይ፣ ከሕዝቡ ጀርባ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶባት በአንድ እግሯ የቆመች፣ በአንድ እጇ የማታውቀውን ሰው ትከሻ የያዘች ልጅ አገኘሁ። ሳነሳ አላየኋትም ነበር። ዛሬ ለሰው የማሳየው ያንን ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከክፍል ትምህርት አይገኝም፤ አብሮ በመዞርና አብሮ በማየት ነው የሚገኘው። ለአዲስ አበባ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ላመጣላቸው የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መመሪያው ጥያቄ ልምጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ባለ መስታወት ሕንፃ የጠዋቷን ፀሐይ መልሶ ከማዶ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ጣላት። መንገዱ ሌላው ቦታ ጥላ ነው፤ አንድ የበር ስፋት የምታህል ቦታ ብቻ ታበራለች። ሰው ከጥላው ሲወጣ ለሁለት እርምጃ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። አርባ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከጥላው ብቅ ብለው፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ፤ ለሰላምታ ይሁን ለፀሐይ መከለያ ዛሬም አላውቅም። አነሳኋቸው። ወዲያው ጥበቃው ደረሰ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«መንገዱን ነው የማነሳው፣ ወንድሜ።»

«ሕንፃው አለበት። የትብብር ደብዳቤ ይዘሃል?»

«ከማን?»

«ከሚመለከተው አካል።»

የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ እርሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ አጠገባችን ግን አንዲት ወጣት ስልኳን በመቆሚያ አቁማ ያንኑ ሕንፃ ከጀርባዋ አድርጋ ለቲክቶክ ትጨፍር ነበር፤ እርሷን የነካት የለም። ካሜራው ሲተልቅ ጥፋቱም የሚተልቅ ይመስላል። በካሜራዬ ካርድ ላይ ያለውን ፎቶ አስጠፋኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ካጠፋሁ በኋላ «አለቃዬ በሕንፃው ካሜራ እያየኝ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ሻይ ሊጋብዘኝ ሁሉ ፈልጎ ነበር። የአዛውንቱ ፎቶ ግን ጠፋ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ጥበቃው በእጁ የተጻፈ ነገር ቢኖረው ኖሮ፣ ወይም እኔ ከኪሴ የማወጣው ቢኖረኝ፣ ነገሩ በግማሽ ደቂቃ ያልቅ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ሕጉ እኮ አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ወዲያው ተከትሎ በቁጥር 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም የሕዝብ ሥልጣን የያዘ ሲሆን፣ ፍርድ ወይም ፖሊስ ሲፈልገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን ነፃነት ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ሥነ ጥበብን የመደገፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። እንግዲህ ክልከላው ከሕግ የመጣ አይደለም፤ ሕጉ ከመዝገብ ቤት እስከ እግረኛው መንገድ ድረስ መውረጃ አጥቶ ነው። መካከሉን የያዘው «የሚመለከተው አካል» የሚባል ስም የሌለው ሰው ነው።

ሌሎችም እዚህ ችግር ውስጥ ነበሩ። በግብፅ ካሜራ ይዞ ካይሮ መሃል መቆም ለረጅም ዓመታት የሚያስጠይቅ ነገር ነበር፤ የአገሪቱ ካቢኔ ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ግብፃዊም ሆነ ቱሪስት ለግል መጠቀሚያ በአደባባይ ቦታዎች ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ፎቶ ማንሳት እንዲችል ወሰነ። ውሳኔው እንከን አለው፤ የአገርን ገጽታ ያበላሻል የተባለን ፎቶ መከልከሉ ማንም እንደፈለገ የሚለጥጠው ሐረግ ነውና እንዳንቀዳው እለምናለሁ። ዋናው ነገር ግን በጽሑፍ መኖሩ ነው፤ ቱሪስቱም ፖሊሱም አንድ ነገር ያነባሉ።

የምንጠይቀው መመሪያ ረጅም መሆን የለበትም። በእግረኛ መንገድ፣ በአደባባይ፣ በገበያና በሕዝብ መናፈሻ ለሥነ ጥበብና ለግል ሥራ ፎቶ ለማንሳት የትብብር ደብዳቤ እንደማያስፈልግ ይግለጽ። የወታደርና የጸጥታ ተቋማት፣ ሌላም በሕግ የተከለከለ ቦታ ካለ፣ «እና የመሳሰሉት» ሳይባል በዝርዝር ይጻፍ። የሕፃናት ፎቶ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ፈቃድ ውጭ እንዳይታይ፣ የታመመ ወይም የወደቀ ሰው እንዳይነሳ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር የአካባቢው ሥርዓት እንዲከበር ይደንግግ፤ እኛም እንፈርምበታለን። ካርድ ማስጠፋት የሚችለው ማን እንደሆነም ይጻፍ፤ እስካሁን በእኔ ላይ የደረሰውን ካየሁ ይህን ሥልጣን የያዘው መጀመሪያ የደረሰ ሁሉ ነው።

ስለ ገጽታ ካነሳሁ አይቀር፣ በስብሰባ ላይ በግልጽ የማይነገረውን ስጋት ራሴ ልናገረው። የውጭ ፎቶ አንሺ መጥቶ ድህነታችንን አንስቶ ይሄዳል የሚል ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱም ከባዶ የመነጨ አይደለም። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ጊዜ የተነሱት ምስሎች ለብዙ ሚሊዮን ሰው «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ትርጉም ሆነው ቀርተዋል፤ ባሕር ማዶ ያደጉ የወገኖቻችን ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደተባሉበት የማያውቅ የለም። ነገር ግን መፍትሔው ካሜራ መከልከል ቢሆን ኖሮ ችግሩ ድሮ በተፈታ ነበር፤ ለመንግሥት ፈቃድ ጽፎ፣ ሹፌርና አስተርጓሚ ቀጥሮ የሚመጣው ትልቁ የዜና ድርጅት ብዙ ጊዜ መግቢያ አያጣም። የሚከለከለው ደብዳቤ የሌለው የሠፈር ልጅ ነው። በዚህም ምክንያት ስለ እኛ የሚታየው ክፉ ቀናችን ብቻ ሆኖ፣ ማክሰኞ ጠዋታችን ሳይነሳ ይቀራል።

ይህን የተረዱ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት አሜሪካውያን ጋዜጠኞች ኮት ዲቯር ውስጥ ለሥራ ሲዞሩ በስልካቸው ማንሳት የጀመሩት ተራ የዕለት ኑሮ «ኤቭሪዴይ አፍሪካ» ወደሚባል እንቅስቃሴ አድጎ፣ ከአህጉሩ የተገኙ ብዙ ፎቶ አንሺዎች የሚሳተፉበት ሆኗል። እዚሁ አዲስ አበባ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ስትጀምር ከዓለም የተውጣጡ ፎቶ አንሺዎችን ወደ እኛ አመጣች፤ እኔም በስም ብቻ የማውቃቸውን ሥራዎች በዓይኔ ያየሁት በዚያ ነው። የኛ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፤ አዳራሽ አንፈልግም።

ተራው ኑሯችን ሳይነሳ በመቅረቱ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ እኔን ሌሊት የሚያነቃኝ ይህ ነውና። የዚህች ከተማ የፎቶ ታሪክ ከላይ ነው የጀመረው። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ልጆቹም ተከተሉት፤ ኋላም ሽመልስ ደስታ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እስከ ደርግ ዘመን ቤተ መንግሥቱን አነሳ። ንጉሥ፣ እንግዳ፣ ሰልፍ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ሁሉም ተነስቷል። የተራው ሰው ፊት የሚገኘው በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት፣ ሱፍ ተውሶ፣ ከፕላስቲክ አበባ አጠገብ ቆሞ ነው፤ እነዚያን የቤተሰብ አልበሞች ሰብስበው በመጽሐፍ ያወጡ ወጣቶች ትልቅ ውለታ ውለዋል። ከፎቶ ቤቱ በር ውጭ ያለው፣ ሰውየው ሱፉን መልሶ በራሱ ልብስ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያለው መንገድ ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። በእኛ ዘመን ሥዕል ተምሮ በዘይት ቀለም አለርጂ ምክንያት ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ጸጋዬ የሚፈርሱና የሚሠሩ የአዲስ አበባ ሠፈሮችን በትዕግሥት ማንሳቱ፣ ይህን ባዶነት ካዩት ጥቂቶች አንዱ ያደርገዋል።

በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ፣ ቤቶቹ ከመፍረሳቸው በፊትና ሲፈርሱ በነበሩት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አነሳ ነበር። ልማቱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። ካነሳኋቸው አንዱ፣ ግንቡ ወርዶ የመኝታ ቤቱ ውስጥ ወደ መንገድ የዞረ ቤት ነው፤ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም፣ አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ሰማያዊው ደመቅ ያለ፣ ከላዩ የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት ምስማር እስካሁን እንዳለ። ከወራት በኋላ አንዲት እናት ሰው ጠቁሟቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የኛን በር አንስተኸው ነበር?» አሉኝ። የትኛውን በር እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ ስኒ የሚያጥቡበት ገበታ፣ ጀበናዋ፣ የበሩ ደፍ ላይ የተኛው ድመት፣ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ አንድ ቀን ሌላ ነገር ሳነሳ በፍሬሙ ጠርዝ ገብተው ነበር። አሳትሜ ያሉበት አዲስ ኮንዶሚኒየም ድረስ ወሰድኩላቸው። ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉት ከልጃቸው የምርቃት ፎቶ አጠገብ ነው። እኔ በዚያ ፎቶ ላይ የማየው የተበላሸ ቅንብር ነው፤ እርሳቸው የሚያዩት በራቸውን ነው። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም ተከትሏል፤ ከዚያ «የኛን በር» ብለው የደወሉልኝን ሌሎች ግን ባዶ እጄን ነው የመለስኳቸው፤ በእነዚያ ሳምንታት ቀርቤ እንዳላነሳ ተከልክዬ ነበርና።

ወደ ግድግዳው ጥያቄ እመለሳለሁ። እስካሁን በከተማችን የፎቶ ዐውደ ርዕይ ሲዘጋጅ የማየው በውጭ አገር የባህል ተቋማት ግቢ ወይም በሆቴል አዳራሽ ነው፤ ለሚያዘጋጁት ምስጋና ይድረሳቸው። ሆኖም ፎቶው ላይ ያለው ሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ በሆቴል የፍተሻ በር አያልፍም። ከራሱ ፊት ጋር ሳይተያይ እንግዳ ወይን እየጠጣ ያየዋል። እኛ የምንፈልገው ሊስትሮው ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት መስቀል ነው። ለዚህም የተስፋፉት አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች የተመቹ ናቸው፤ ሰው ቆሞ ለማየት የሚበቃ ስፋት አላቸው፣ ማታም መብራት አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚዘጋጀው ፎቶቪል የጭነት ኮንቴይነሮችን እንደ አዳራሽ ተጠቅሞ ለሕዝብ በነፃ ያሳያል። ጄአር የተባለው ፈረንሳዊ አርቲስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይሮቢ ኪቤራ ውስጥ የሴቶችን ዓይንና ፊት ውኃ በማያስገባ ሸራ ላይ አትሞ የቤቶቹን ጣሪያ አለበሳቸው፤ ፎቶው ከላይ ሲታይ፣ ከሥር ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከዝናብ ይጠለልበታል። እኛም በባነር ላይ ነው የምናትመው። ዐውደ ርዕዩ ሲያልቅ ባነሩ ወዴት እንደሚሄድ አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ የምርጫና የበዓል ባነሮች በሙሉ ዛሬ የጉልት ጣሪያ ሆነዋል። ይህንን እንደ ብክነት አላየውም፤ እንዲያውም ሥነ ሥርዓት ባለው መንገድ እኛው ራሳችን ለጉልት ነጋዴዎች ልናከፋፍል አስበናል።

የአደባባይ ዐውደ ርዕይ አደጋ እንዳለው አልሸሽግም። በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የፎቶ ተቋም ፊት ለፊት መንገድ ላይ ተልቀው ከተሰቀሉ ፎቶዎች በአንዱ ላይ የነበረች ሴት ሳልጠየቅ ተነሳሁ፣ ሳልጠየቅም ተሰቀልኩ ብላ ከሰሰች። ጉዳዩ በ2018 እስከ አገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ የጎዳና ፎቶግራፍ በጥበብ ነፃነት የሚጠበቅ ሥራ መሆኑን ተቀብሏል፤ የሰው ፊት በዚያ መጠን ተልቆ ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ መሰቀሉ ግን የሴትየዋን መብት ነክቷል የሚለውን የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ አልሻረም። በእኔ እምነት ይህ ልዩነት ትክክል ነው። መንገድ ላይ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ከበር በሚተልቅ ባነር ላይ ለአንድ ወር መቆም ሌላ ነው። ስለዚህ ፊቱ ጎልቶ የሚታወቅ ሰው ያለበት ፎቶ ሰውየው ተፈልጎ፣ ታይቶለት፣ እሺ ካላለ በቀር አይሰቀልም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው መፈለግ ከባድ አይደለም፤ ፎቶውን ይዞ እዚያው ሠፈር ያለ ሱቅ መጠየቅ ነው። ለተሰቀለበት ሁሉ አንድ ቅጂ ይሰጠዋል። ከሰቀልን በኋላም «አውርዱልኝ» ያለ ሰው ካለ ምክንያቱን ሳንጠይቅ በዚያው ቀን እናወርዳለን፤ የስልክ ቁጥራችንም በየባነሩ ግርጌ ይታተማል።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና የሚመጡት ባልደረቦቼም ትርጉሙን ያነቡታል፤ ለእነርሱም ሁለት ቃል አለኝ። እያንዳንዱ እንግዳ ከአንድ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ጋር ተጣምሮ ነው የሚዞረው፤ ብቻውን የሚወጣ የለም። ሌላው የገንዘብ ነው። የምታዘጋጇቸው ውድድሮች መመዝገቢያ በዶላርና በዓለም አቀፍ ካርድ የሚከፈል ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ሥርዓቱ ተቀይሮ ብር ሲረክስ፣ 30 ዶላር ማለት ለአንድ ጀማሪ የሳምንት ምሳ ሆኖ ቀርቷል፤ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ካርዱ አይገኝም። ቪዛ ተከልክሎ የራሱን ዐውደ ርዕይ መክፈቻ በስልክ ያየ ጓደኛ አለኝ። «ዓለም አቀፍ» የሚለው ስም በእውነት የእናንተ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ለእኛ ዓይነት አገሮች መመዝገቢያውን በነፃ አድርጉት፤ ዐውደ ርዕያችሁንም አልፎ አልፎ ቪዛ ወደማይጠይቀን ቦታ አምጡት። ዘንድሮ ወደዚህ መምጣታችሁ ጥሩ ጅማሮ ነው።

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣ ዝርዝር ማመልከቻውን፣ የመመሪያውን ረቂቅና ለግድግዳ ያሰብናቸውን ሦስት ቦታዎች ከነፎቶአቸው አያይዘን ለመዝገብ ቤት እናስገባለን። ለመወያየት በተባልንበት ቀን እንመጣለን፤ ረቂቁ ላይ የሚሰረዝ ካለ ይሰረዝ፣ የሚጨመር ካለ ይጨመር። አንድ ልመና ብቻ ልጨምር። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ በጽሑፍ፣ በቁጥርና በማኅተም ይሁንልን፤ የትኛው ሕግ እንደሚከለክል ተጠቅሶ። ቢያንስ በሚቀጥለው ጊዜ ጥበቃው «የሚመለከተው አካል ማነው?» ሲለኝ የማሳየው ስም ይኖረኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ የጎዳና ፎቶ አንሺ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች
በከተማዋ ለሚገኙ ሕንፃዎች የጥበቃ ሠራተኞች
የሚመጡት የሙያ ባልደረቦቻችን ላሉበት ስብስብ